ስለ ጋሼ ብረቱ ግራ ጉልበት

ለተከበሩ የባህል ማእከሉ አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ፤

ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ የእህትዎ ልጅ መድረክ ላይ ቆመው የጽሑፌን ሁለተኛ ገጽ ገልጠው፣ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው «የሮቦቱ ግራ ጉልበት ዘይት ያፈሳል» ብለው ካነበቡ በኋላ፣ ቀና ብለው «ማለትም ኃይሉ እየቀነሰ ነው፤ በተለይ በግራ በኩል» ሲሉ ለታዳሚው ካብራሩበት ቅጽበት ጀምሮ፣ የእርስዎ ጤንነት ሲያሳስበኝ ሰንብቷል። ለመሆኑ እንዴት ከረሙ? በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠው እያንዳንዱን ማብራሪያ በኩራት ራስዎን እየነቀነቁ ሲቀበሉ ስላየሁ፣ አንገትዎን ምንም እንዳይነካው ከልብ እመኛለሁ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ለሚያነቡና ጉዳዩን ለማያውቁ ሰዎች ባጭሩ ላስረዳ። እኔ በከባድ ማሽኖች ጥገና ክፍል የምሠራ መሐንዲስ ነኝ፤ የኤስካቫተር፣ የዚያ የመሬት መቆፈሪያ ማሽን፣ ክንድ አልታጠፍም ብሎ ሲያኮርፍ የሚጠሩት እኔን ነው። ከሥራ ውጭ ደግሞ አንድ ግዙፍ ሮቦት ከሐይቅ ከወጣች ጭራቅ ጋር የሚፋለምበትን ፊልም የምንወድ ስድሳ ያህል ሰዎች የተሰባሰብንበት ማኅበር አለ፤ መሥራቿ እኔ ነኝ። ሮቦቱን «ጋሼ ብረቱ»፣ ጭራቋን «እትዬ ማዕበል» እንላቸዋለን። ግማሾቻችን የጋሼ ወገን ነን፤ ግማሾቻችን የእትዬ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ለምሳሌ፣ እትዬ ከተማውን የረጋገጠችው ሰው ነገር ፈልጓት ነው ብላ እስከ ዛሬ ትሟገተናለች።

ሁላችንም የምንስማማበት አንድ ትዕይንት ግን አለ። ጋሼ ብረቱ ሰው የሞላበትን ድልድይ በትከሻው ደግፎ ሳለ ግራ ጉልበቱ ይከዳዋል። ያን ጊዜ አንዲት መካኒክ መፍቻዋን በጥርሷ ነክሳ ጉልበቱ ውስጥ ትገባለች፤ እትዬ ማዕበል ከውጭ እየደበደበች፣ እሷ ከውስጥ ሦስት ደቂቃ ሙሉ አንዲት ብሎን ታጠብቃለች። ድልድዩ የሚተርፈው በእሷ ነው፤ በፊልሙ ማስታወቂያ ሥዕል ላይ ግን የለችም። አሥራ አራት ገጽ የጻፍኩት ስለ እነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ነው፤ ባለፈው ቅዳሜም በማእከሉ አዳራሽ፣ በማኅበራችን ዝግጅት ላይ ላነበው ነበር። ስድስት ወር ፈጅቶብኛል፤ የጉልበቱ መጋጠሚያ በእርግጥ ያን ሸክም ይችል እንደሆነ ለማወቅ ከብረት ቁርጥራጭ አምሳያውን ሠርቼ እስከማጠፍ ደርሻለሁ።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1. ስለ ድምፅ ማጉያው አመሰግናለሁ። ጽሑፌን ይዤ ወደ መድረኩ ስወጣ ደረጃው ላይ አስቁመው፣ «የኔ ልጅ፣ ይህ ማይክሮፎን ለሴት ድምፅ አይመችም፤ ያፏጫል፤ ደግሞም ነገሩ የማሽን ነገር ስለሆነ ወንድ ቢያነበው ክብደት ያገኛል» ብለው በአባትነት መከሩኝ፤ ወረቀቱንም ከእጄ ወስደው ለእህትዎ ልጅ ሰጡልኝ። ማይክሮፎን የተናጋሪውን ፆታ ለይቶ እንደሚያፏጭ በአምስት ዓመት የምህንድስና ትምህርት ማንም አልነገረኝም ነበር። የመክፈቻውን ንግግር በዚያው ማይክሮፎን ያደረጉት የማእከሉ ጸሐፊ ሴት መሆናቸውን መሣሪያው ሳያስተውል ቀርቶ ይሆናል።

2. በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ስሜን «ወንበር ድርደራ» ከሚለው አጠገብ ስላሰፈሩልኝ አመሰግናለሁ። እውነት ነው፣ ደርድሬያለሁ፤ ስድሳ ሁለቱንም፣ አንዱን እግረ ሰባራ ጭምር። እርስዎ የተቀመጡበትን ግን በጥንቃቄ ነው የመረጥኩት።

3. ይህኛውን ምስጋና ቁጭ ብለው ቢቀበሉልኝ ደስ ይለኛል። ዘጠነኛው ገጽ ላይ «ሴቲቱ ጉልበቱ ውስጥ ገባች» የሚል አረፍተ ነገር አለ። የእህትዎ ልጅ ይህን አንብበው ትንሽ አሰቡና፣ «እዚህ ላይ ሴቲቱ በኃይለኛው ሥር መውደቋን እንረዳለን» አሉ። ፊልሙን በቃሉ የሚያውቅ ስድሳ ሰው በሳቅ ፈነዳ። እርስዎ ግን አጨበጨቡ። ብቻዎን። ስድስት ወር ሙሉ ያቺ ሴት ድልድይ እንዳዳነች ስጽፍ ኖሬ፣ በአንድ ማብራሪያ ተሸናፊ ሆነች፤ እርስዎም ትክክል ነው ብለው አጸደቁት።

ያን ጊዜ ተነሣሁ። እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ፣ ጉልበቴን አጥፌ ዘርግቼ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ የሚታጠፈው ጉልበት ነው» አልኩ። ልብስ ሰፊዋም ከኋላ «ተመስገን፤ እኔማ ጂም የገባች መስሎኝ ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያውቁታል፤ ጥበቃው «ውጪ ተብለሻል እቴ፣ እኔ ምን ላድርግ» እያለ፣ ራሱም እየሳቀ፣ እስከ በሩ ሸኘኝ።

4. ሰኞ ጠዋት ስለደረሰኝ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤዎም አመሰግናለሁ። ሥነ ሥርዓት በማደፍረሴ ለሦስት ወር ወደ አዳራሹ እንዳልገባ ታግጃለሁ፤ እገዳው ከዚያ በፊት የሚነሣው የይቅርታ ደብዳቤ ከጻፍኩ ነው። ጽሑፌም በማእከሉ ዓመታዊ መጽሔት ላይ በእህትዎ ልጅ ስም ይታተማል፤ ምክንያቱ «ለሕዝብ ያቀረቡት እሳቸው በመሆናቸው» የሚል ነው። በዚህ ሕግ ከሄድን የእርስዎን ደብዳቤ የጻፈው በራፌ ድረስ ያመጣልኝ ፖስተኛ ነው። ምላሼን ለእሱ ልሰጠው ብል «እኔን ተይኝ» ብሎ ሄደ። በጋዜጣ ለመጻፍ የተገደድኩት ለዚህ ነው።

ስለ እህትዎ ልጅ አንድ የማያውቁት ነገር አለ። እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ የማስታወቂያ አንባቢ ናቸው፤ የተሰጣቸውን ያነባሉ። ረቡዕ ዕለት ከምሳ በፊት የጥገና ክፍላችን በር ላይ ቆመው አየኋቸው። «እህቴ፣ አጎቴ ጽሑፉ የማእከሉ ነው ብለውኝ እኮ ነው» አሉኝ። ወደ አንድ ኤስካቫተር ወሰድኳቸውና ክንዱን ሁለት ጊዜ አጥፌ ዘረጋሁላቸው። መጋጠሚያውን ትክ ብለው አዩት። ቆይተው፣ በዚያ ሳሙና በሚሸጡበት ድምፅ፣ «አሃ፤ ጉልበት» አሉ። ከዚያም ወንበር ስበው ጽሑፉ የእሳቸው እንዳልሆነ፣ በስማቸውም እንዳይታተም በገዛ እጃቸው ጽፈው ፈረሙ፤ ቅጂውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ፊልሙንም ወስደው አይተው የማኅበራችን አባል ሆነዋል። የእትዬን ወገን መምረጣቸውን ይቅር ብያለሁ።

እንግዲህ ጌታዬ፣ ባለቤት ነው ያሉት ሰው አይደለሁም ብሏል፤ የቀረነው እርስዎና እኔ ነን። መጽሔቱ ማተሚያ ቤት የሚገባው ማክሰኞ ነው። ጽሑፉ ወይ በእኔ ስም፣ ዘጠነኛው ገጽ አንድ ቃል ሳይነካ ይወጣል፤ ወይ አሥራ አራቱም ገጽ ወደ እጄ ይመለሳል። ከሁለቱ ውጭ የሆነ ነገር ታትሞ ካየሁ ግን የምንነጋገረው በጋዜጣ አይሆንም፤ ጠበቃ የሆነች አክስት አለችኝ፤ እሷ ደግሞ እንደ እኔ ምስጋና አታበዛም። የይቅርታውን ደብዳቤ በተመለከተ፣ አልጽፍም።

ሥልጣንዎ እንዲረዝም፣ ጭብጨባዎ አጃቢ እንዲያገኝ፣ ከእንግዲህም ያልገባዎትን ነገር ሁሉ እንዲሁ በልበ ሙሉነት የሚያብራራልዎት ሰው እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ እጅ በመንሳት እሰናበታለሁ።

የአሥራ አራቱ ገጽ ጸሐፊ
(ስሜን ዘንግተውት እንደሆነ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነጭ ማጥፊያ ከቀቡበት ሥር ያገኙታል፤ በጥፍርዎ ቀስ አድርገው ይፋቁት።)

ድኅረ ጽሑፍ፦ አዳራሽዎ ስለተዘጋብኝ የፊታችን ቅዳሜ ፊልሙን በጥገና ክፍላችን ግድግዳ ላይ እናሳያለን። እርስዎንም ጋብዘናል፤ ማንም ደረጃ ላይ አያስቆምዎትም። መናገር ካማረዎት ግን ራስዎ የጻፉትን ይዘው ይምጡ። እኔ ያሰብኩትን ሌላ ሰው እንዲናገርልኝ፣ እኔም ወንበር ደርድሬ እንዳዳምጥ፣ ከዚያም በላይ እንዳመሰግን መጠየቅን ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም።