በእኔ ስም የተገኘው ጽሑፍ

ይድረስ ለበኩር ልጄ። ሰላምታዬ በተቀመጥሽበት ወንበር ላይ በደህና ያግኝሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ምንም አልሆንኩ።

ይህን የምትጽፍልኝ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ናት። «ልጄ በውጭ አገር መጽሔት ላይ ጽፋለች፤ ከኢንተርኔት አውጪልኝ» አልኳት። በስምሽ ብትፈልግ አጣችሽ። በኋላ «አባባ፣ እዚያ እኮ በአባት ስም ነው የሚያስቀምጡት» ብላ የእኔን ስም ስትጽፍ ብቅ አልሽ። ፊደል ያልቆጠርኩት ሰውዬ፣ ስሜ ባሕር ተሻግሯል ለካ! የጻፍሽው የጉድጓድ ውሃ ጨው እንዴት እንደሚለካ ነው አለችኝ። ለዚህ ምላስ አይበቃም ነበር?

ሙሉው ጽሑፍ ግን ካልተከፈለበት አይከፈትም። «ግድ የለም አባባ፣ ራሷን በኢሜይል እንጠይቃታለን። ጸሐፊዎች ሲጠየቁ ደስ ስለሚላቸው ቶሎ ይልካሉ» ብላ ጻፈችልሽ። ጠዋት ጠዋት ሄጄ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ኮምፒውተሩን ከፍታ ታይና «ዛሬም የለም» ብላኝ ታቀረቅራለች። እኔ ምን ሆኜ! ሥራ በዝቶብሽ ነው። ስልክሽን የምታነሳዋ ሴትዮም ቋንቋችንን አትችልም፤ ብጮኽባት ብጮኽባት ያንኑ ስትደግምብኝ ሰድቤ ዘጋሁባት።

ምናልባት ወረቀት ይፈጥን እንደሆነ ብዬ ይህን በድሮው አድራሻሽ አስልኬዋለሁ። ጽሑፉ ይቅር፤ ብትልኪውም አላነበውም። ለዚህች ልጅ ግን «አለሁ» ብለሽ አንድ ቃል ጻፊላት። ምሳዋን ትታ ኮምፒውተሩን ስታይ አንጀቴን ትበላዋለች።

ባለሽበት ደህና ዋይልኝ፤ ደህና እደሪልኝ።

አባትሽ