የአባትሽ ከዘራ

ልጄ ሂባቅ፣

አላህ እግርሽን ከክፉ መንገድ ይጠብቅልኝ፤ ምላስሽንም ትንሽ ያሳጥርልኝ። እናትሽ ደህና ናት። ፍየሏ መንታ ወልዳለች፤ አንዷ እንዳንቺ ተዋጊ ናት።

እኔ ግን ተናድጃለሁ። ወንድሜ ሲሞት እንደ ወጋችን እናትሽን አግብቼ፣ ልጄን ላዳንን ይዤ ቤታችሁ ገባሁ። «አባቴ በይኝ» ብዬሽ አላውቅም። አንቺ ግን ወደ ናይሮቢ ትምህርት ቤትሽ ስትመለሺ የአባትሽን ከዘራ ከግድግዳው አውርደሽ፣ ለማንም ሳትናገሪ ይዘሽ ሄድሽ።

ላዳን የጣለችው መስሎኝ በሰው ፊት ጮህኩባት። የአሥር ዓመት ልጅ፣ እንባዋ እየወረደ «የት እንዳኖርኩት ረሳሁት» አለች። በሽማግሌዎች ጉባኤ ተናጋሪ ያለ ከዘራ አይቆምምና የመጥረጊያ እንጨት ይዤ ተነሣሁ። ሐጂ ሊባን «ዋርፋ፣ ልትፈርድ ነው ልትጠርግ?» አሉኝ። ሁሉም ሳቀብኝ። ቤት ገብቼ ደግሜ ላዳን ላይ ጮህኩ።

ትናንት የትምህርት ቤትሽ ዘበኛ ደውሎ «ልጅዎ አልጋዋ ሥር ዱላ ደብቃለች» አለኝ። ላዳንን ጠርቼ «ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ስትወስደው አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እህቴ አይደለችም እንዴ?»

አንቺ ግን አንድ ቀን እንኳ «እህቴ» ብለሻት አታውቂም፤ ለጓደኞችሽ «የዚያ ሰውዬ ልጅ» ስትይ ሰምቼሻለሁ።

ከዘራው የአባትሽ ነው፤ ያዢው፣ እኔ መጥረጊያውን ለምጃለሁ። ያናደደኝ የዚህች ልጅ እንባ ነው። እኔ በበኩሌ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ያንቺ ቀርቷል።

አላህ በጤና መልሶ ያገናኘን። እባክሽ አዴር፣ የወንድሜ ልጅ፣ ለላዳን ደብዳቤ ጻፊላት፤ ስትጀምሪም «እህቴ» ብለሽ ጀምሪ።

አጎትሽ ዋርፋ
ሐርጌሳ