የአማቴ ፈረስ

ሐምሌ 2
ቀኑን ሙሉ ኮርቻ ላይ። ሙቀት፣ ትንኝ፣ የካፒቴን ዊትኮም ወሬ። መሬት ሊለካ ከምሥራቅ የመጣ ሰው ነው፤ እኔ መንገድ መሪው ነኝ። ወንዝ ባየ ቁጥር «ስሙ ማነው?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። እሱ ግን ካርታው ላይ የአጎቱን ስም ይጽፋል። ታዲያ ለምን ይጠይቀኛል?
ዳማዬ ብቻ አልደከመም። ከዚህ እስከ ተራሮቹ እንደሱ ያለ ፈረስ የለም።

ሐምሌ 5
እራት ላይ የካፒቴኑ ሰዎች ሳቁብኝ። «ዱጋል፣ መንገዱን ያስተማረህ ስኮትላንዳዊው አባትህ ነው ወይስ የብላክፉት ጎሳዋ እናትህ?» አለ ካፒቴኑ። መንገድ ሲጠፋው «ወንድሜ» ነኝ፤ ሲያገኘው «ክልሱ»...
ዋጥ አደረግኩት። እስከ መቼ?

ሐምሌ 9
ወንዙን ተከተል አለኝ፣ ተከተልኩ። መንገድ ብቻ የሚለኩ መስሎኝ! የአማቴ ድንች መሃል ችካል ተከሉ። ባሏ የሞተባት ሴት፣ ያላት ያቺ ጎጆና ያ ማሳ ብቻ። ሚስቴ ኤልሲ እንኳ የለችም፤ ኮረብታው ላይ እንጆሪ ለቀማ ናት።
«መሬቱ የመንግሥት ሆኗል። ከበረዶ በፊት ትልቀቅ፤ በቋንቋዋ ንገራት» አለኝ ካፒቴኑ።
«አልችልም። አማቴ ናት።»
«ይቀልልሃላ!»
«ከአማት ጋር አንነጋገርም፣ ፊት ለፊት አንተያይም። ነውር ነው።»
«እሱ በእናትህ በኩል ነው። በአባትህ በኩል ንገራት!»
ሰዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አማቴ በሩ ላይ ሻሿን ፊቷ ላይ ጥላ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች። ለእኔ ክብር ብላ ነው። እነሱ የፈራች መሰላቸው... ደሜ ፈላ። አሁንም እንደፈላ ነው።

ሐምሌ 10
ነውሩን የሚያነሳ አንድ ነገር ብቻ አለ። ለአማት ፈረስ መስጠት።
ጠዋት ዳማዬን ወስጄ በሯ ላይ አሰርኩት። ወጣች። እግሩን ዳሰሰች፣ ጥርሱን አየች። ምንም አልቸኮለች። ከዚያ ሻሿን ገልጣ አየችኝ። ከሠርጋችን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።
«ረጅም መስለኸኝ ነበር» አለች።
ከዚያ ችካሎቹ አጠገብ ወደቆመው ካፒቴን በአገጯ ጠቆመች።
«ሰውየው ምን ይላል?»
«ይልቀቁ ይላል፣ እማማ።»
«አንተስ?»
«አይልቀቁ እላለሁ።»
«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ንገረዋ!»
ዞርኩ። «በእናቴም በኩል፣ በአባቴም በኩል፣ አትለቅም!» አልኩት። ጮኼ ነው ያልኩት።
ሌላ ፈረስ ልስጥህና ምራን አለኝ። አልወሰድኩም።

ሐምሌ 11
ሄዱ። ወታደር ይዤ እመለሳለሁ ብሏል። የያዙት አቅጣጫ ረግረግ ያስገባቸዋል... አልጠራኋቸውም።

ሐምሌ 16
ኤልሲ ተመለሰች። ገና ከሩቅ ጭቅጭቅ ሰምታ ስትሮጥ መጣች። እኔና እናቷ ነን።
«ድንች እንዲህ ነው የሚኮተኮተው? እጅህ ልጓም ከመያዝ ሌላ አያውቅም!»
«እንግዲያው ፈረሴን ይመልሱልኝና ልሂድ!»
«ፈረስህ? የማን ፈረስ?»
ኤልሲ ቅርጫቷን ለቀቀችው። እንጆሪው ሁሉ መሬት ላይ።
ንዴቴ አልበረደም። ይዤው እተኛለሁ፣ ይዤው እነሳለሁ። ሰውየው ይመጣል፤ ይምጣ። ችካሎቹን ግን አንድ ሳናስቀር ነቅለናል። የዛሬው እራት የተቀቀለው በእነሱ ነው።