ሦስት ጊዜ ካልተጠራች የማትነሣው እቴቴ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለወልደተንሣኤ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ፣ ሥራህስ? ሮዳስ እንዴት ናት? ቃለ አብስ ጥርስ አበቀለ? የአሶሳ ሙቀት ዘንድሮስ አላስመረራችሁም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቀው የለ፤ እቴቴ በጋቢዋ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ ነው የምትውለው።

በሹፌሩ በወርቁ እጅ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። «ለአባባ ቀብር ስላልደረስኩ እቴቴ ቂም ይዛብኛለች፤ ብደውል ብደውል አታነሣም» ብለሃል። ወይ አንተ! እናትህን እንዲህ ነው የምታውቃት? ነገሩን ስትሰማ ታፍራለህ።

ጆሮዋ ስለደከመ የእጅ ስልክ አይሰማትም፤ በኮምፒውተሬ ደውልላት ያልኩህም ለዚሁ ነው። ግን የተማሪዎቹን መመረቂያ ጽሑፍ የምተይበውም በዚያው ነው። መልእክት ሲገባ ጢን፣ ወረቀት ሲያልቅ ጢን፣ አንተ ስትደውልም ያው ጢን። እቴቴ መጀመሪያ በጮኸ ቁጥር «ልጄ ነው?» እያለች ትነሣ ነበር። አይደለም ሲሏት ሲሏት ሰለቻትና ተወችው። እኔ ጽሑፍ ላስጠርዝ ስወጣ አንተ ትደውላለህ፤ እሷ የተማሪዎቹ ነው ብላ ዝም ትላለች። ቂሙ ይኸው ነው።

ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ከኮምፒውተሩ አጠፋሁ። ለፋሲካ በላክኸው የድምፅ መልእክት ውስጥ፣ አንኮበር እያለን ከማዶ ትጣራ እንደነበረው «እቴቴ ሆይ!» ያልካትን ቆርጬ የጥሪ ድምፅ አደረግሁት። የምትጫነው ቁልፍ እንዳይጠፋትም የበግ ፀጉር ለጠፍኩበት። አልዋሽህም፣ በሥራዬ ኮራሁ።

አመሻሽ ላይ ጎረቤታችን ኩብራ ቤት ሆኜ በስልኬ ሞከርኩት። ብጠብቅ ብጠብቅ አታነሣም። ስመለስ ቁልፎቹ በጠበል ርሰዋል! «ሰው በሌለበት የልጄ ድምፅ አንዴ ጠርቶኝ ዝም አለ። ልጄ ቢሆንማ ይደግም ነበር፤ ይሄ ሰይጣን ነው» ብላ ስታማትብ አገኘኋት። ለካ የአገራችንን ነገር ዘንግቼዋለሁ፤ በምሽት የማይታይ ጠሪ ሦስት ጊዜ ካልጠራ አቤት አይባልም። ሆዴን ይዤ ስቄ፣ ቁልፎቹን በጨርቅ አደረቅሁና ድምፁ ሦስት ጊዜ እንዲጣራ አስተካከልኩት።

በማግስቱ ደግሜ ሞከርኩ። በሦስተኛው «አቤት የኔ ጌታ! አቤት!» ብላ ስትጮህ ያለ ስልክም ኩብራ ቤት ድረስ ተሰማ። ቁልፉን ተጭና ኮምፒውተሩ ላይ የኔን ፊት ስታይ ግን «አንቺ ነሽ እንዴ» አለችኝ። አንጀቴን በላችው፣ ወንድሜ።

ስለ ቀብሩም ጠየቅኋት። «መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ እንዴት ይምጣ? እሱንም ልጣው ወይ?» ነው ያለችኝ። እንግዲህ ምን ቀረህ? እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደውል።

ለሮዳስ ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ የቃለ አብን ጉንጭ ሳምልኝ። ኩብራም ሰላም ብላችኋለች። እቴቴን ምን ልጻፍለት ብላት «ምን ያስጽፋል፣ ይጥራኝ እንጂ» አለችኝ። ወንበሯን ከአሁኑ ኮምፒውተሩ አጠገብ አስጠግታዋለች። አደራህን፣ ቶሎ አላነሣችም ብለህ እንዳትዘጋው። ሦስተኛውን ጠብቅ።

እኅትህ ፍሬሕይወት
ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.