የጠበበው ሱሪ

አቪሻይ፣

በባቡር ወደ ሐይፋ ሄጃለሁ። እናትህ ከደወለች «አጎቴ ለምርመራ ነው የሄደው» በላት። ሌላ ነገር እንዳትጨምር።

ምስሩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ አሙቀህ ብላ።

ጥቁሩ ሱፌ አልጋህ ላይ አለ። ሳትጠይቀኝ ፋሽን ነው ብለህ ሱሪውን አስጠበብከው፤ ይኸው ዓመት ሳይሞላው አንተው ሰፊ ለብሰህ ትዞራለህ። እኔ በዚያው ልኩ ሠላሳ ዓመት ለብሼዋለሁ።

ትናንት ግን እንደዚያ መጮኽ አልነበረብኝም።

ዛሬውኑ መሀል ከተማ ልብስ ሰፊው ጋ ውሰደው። ትርፉ ጨርቅ ከውስጥ አለ፤ ስፌቱን ፈትቶ እንደ ድሮው ያድርገው። ከሐሙስ በፊት ይድረስ። ሐሙስ ጠዋት ነው ኦፕራሲዮኔ።

አያትህ የሞቱ ጊዜ ለቀስተኛው ሙሉ ልብሳቸውን ከፍ አድርጎ ይዞ ሲያለቅስ አይተሃል።

የእኔን ሲያነሡት «ይሄ የማን ነው?» እንዳይሉ።