ክብ መሰኪያ ያለውን ፈልግልኝ

የካቲት 17 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ሰኞ። ከጠዋት ጀምሮ ጉም ወርዶ ደጃችን ያለው ባሕር ዛፍ እንኳ አይታይም። ቤት ውስጥ እናታችን፣ እኔና ሬዲዮ ሠሪው ጌጡ ነበርን። ጌጡ አሁን ወጣ።

ለምወድህ ወንድሜ ለትዕዛዙ፤ እንደምን ከረምክልኝ? ጤናህስ? ባለቤትህ የምሥራች ደህና ናት? እናታችን ስም ያወጡለት ሕፃኑ ምስክርስ የደርባን ሙቀት ተስማማው? እኛ ውርጩ ቢያንገበግበንም ተመስገን፣ ደህና ነን። ደህና ነን የምልህ ግን ከእናታችን ዓይን በቀር ነው።

የቀኙ ከጠፋ መቆየቱን ታውቃለህ። ግራውም እየደከመ ነው። በኅዳር ደብረ ብርሃን ወስጃቸው ሐኪሙ በመብራት አይቶ፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም ብሎኛል። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፤ ግን የሚያውቁ ይመስለኛል። «ብርነሽ፣ የምስክርን ፊት ሳላይ አይጨልምብኝ» ይሉኛል። በወረቀት የታጠበ ፎቶ ላክ አልልህም። የሠርግህን ፎቶ መስኮት ላይ ብይዝላቸው «ጥቁር ወረቀት ነው» አሉኝ። እቤት ያለው አሮጌ ኮምፒውተር መስታወቱ ግን ከውስጡ ስለሚያበራ፣ የሠርግህን ሲዲ ሳሳያቸው አፍንጫቸውን አስጠግተው የየምሥራችን መልክ ለይተው ነበር።

የሕፃኑ ፎቶ ያለበት ሲዲ የደረሰን በጥምቀት ሰሞን ነው። ኮምፒውተሩን አብርቼ እናታችንን ፊቱ እንዳስቀመጥኳቸው የንስሐ አባታችን መምሬ አፈወርቅ ቤት ሊረጩ ገቡ። እናታችን «አባቴ፣ ይህንንም ባርኩልኝ፣ የልጅ ልጄ ያለበት ነው» አሏቸው። መምሬም ኪቦርዱ ላይ ጠበሉን ረጩት። ይኼኔ ማሽኑ ጢ... ጢ... እያለ ይጮህ ጀመር። መምሬ «ያዘው! ጮኸ! ውጣ አንተ ርኩስ!» ብለው የማሰሮውን ትራፊ ገለበጡበት። ጩኸቱ ጸጥ ሲል እናታችን እልል አሉ። ኪቦርዱ ግን ከዚያ ወዲህ አልሠራም። ጠበል ዕቃ ያበላሻል የሚል ቃል ከአፌ እንዴት ይውጣ? በስልክ «እርጥበት ነካው» ያልኩህም መምሬ ከአጠገቤ ቆመው ስለነበር ነው።

የላክኸው አዲስ ኪቦርድና ማውዝ ባለፈው ሳምንት ደረሰን፤ እግዜር ይስጥልኝ። ማማሩስ አምሯል። ነገር ግን የኛው ማሽን የሚቀበለው ወፍራም ክብ መሰኪያ ነው፣ የአዲሱ ጠፍጣፋ። ማውዙማ ጭራሽ የሚገባበት የለውም። ጌጡ ዛሬ መጥቶ የአሮጌውን ክብ መሰኪያ ከነገመዱ ቆረጠና ሽቦውን ከአዲሱ ሽቦ ጋር ቀለም በቀለም ቀጠለው። ሲሰካው የኪቦርዱ መብራት ብልጭ አለ። እናታችን «በራ?» አሉ። ወዲያው ጠፋ። ጥቁሩ መስታወት ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ገጹ በተገነጠለው መዝገበ ቃላቴ ቃል በቃል ብፈታው «ኪቦርድ የለም፤ ለመቀጠል የኪቦርዱን ቁልፍ ተጫን» ይላል። ጌጡ በሳቅ ፈረሰ። «እትዬ ብርነሽ፣ ይኼ እኮ እግር የለህም፣ ግን ተነሥና ሂድ ማለት ነው» አለኝ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫንኳቸው፤ ምንም የለም።

በኋላ ጌጡ ራሱ ሳቁን ትቶ «ማሽኑ ሲሠራ ይህን መሳይ ኪቦርድ አልነበረም። አፋቸውን አገጣጠምኩት እንጂ አይተዋወቁም» አለኝ። ይህን ሲለኝ እናታችን ሸለብ አድርጓቸው ነበር፤ አልሰሙም።

ሌላ መንገድ ሳልሞክር ቀርቼ አይደለም። ኮምፒውተር ያለው አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ለምኜ ነበር፤ ከውጭ የመጣ ሲዲ ቫይረስ የሚሉት በሽታ ያስገባል ብለው መለሱኝ። ደብረ ብርሃን እንዳልወስዳቸው እናታችን አሁን መኪና የሚችል አቅም የላቸውም። ባለ ክብ መሰኪያው ኪቦርድም እዚያ ተጠይቆ ታጣ። ስለዚህ ወንድሜ፣ አዲስ አትላክልኝ። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ ካለ፣ ሰው የጣለውም ቢሆን፣ ወፍራም ክብ መሰኪያ ያለውን ፈልግልኝ። እስኪደርስ ዓይናቸው ይጠብቀን እንደሆነ አላውቅም። ምን ላድርግ?

የምሥራችን በብዙ ናፍቆት ሰላም ብላሻለች በላት፤ ምስክርን ጉንጩን ሳምልኝ። እናታችን በእመቤታችን ስም ይመርቁሃል። ጎረቤታችን አየለች፣ መምሬ አፈወርቅና ጌጡም እንደምን አለህ ይሉሃል።

እህትህ ብርነሽ
ሞላሌ

ማክሰኞ ጠዋት። ፖስታውን ሳላሽገው አደረ። ጉሙ ተነሥቷል። እናታችን ግድግዳውን እየዳሰሱ መጥተው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡና «ጌጡ ትናንት ሠራው አይደል? እስቲ አብሪልኝ» አሉ። አልተሠራም ማለት አቃተኝ። አበራሁት። ያው ነጭ ጽሑፍ ወጣ። ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጽሑፉን በጣታቸው ነክተው «ይኼ ነጩ ጥርሱ ነው?» አሉኝ። አዎ፣ ሁለት አብቅሏል አልኳቸው። ሳቁ። እስኪበቃቸው ጠብቄ አጠፋሁት፤ የተንሸራተተ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለስኩላቸው፤ ወጥቼም ለበጎቹ በረቱን ከፈትኩ።