የሸራው ቢጫ

ጥር 21
የደግሰው ሠርግ ኤዲት። የዳሱ ሸራ ቢጫ ስለሆነ ሙሽራው ቢጫ፣ ሙሽሪት ቢጫ፣ ሚዜው ቢጫ... ያማረበት ጠላው ብቻ ነው። አንዱን ክሊፕ ይዤ ቢጫውን ቀነስኩ፣ ቀይ ጨመርኩ። ሰው መሰሉ። ከዚያ ቀለሙን ኮፒ አድርጌ ሁሉም ላይ ለጠፍኩት። መብራት ሳይሄድ ጨረስኩ።

የሙሽራው አባት የአያ አረጋ ጋቢ ትንሽ ሰማያዊ ሆነ። ማን ያየዋል?

ጥር 23
ደግሰው መጥቶ አየ፣ ወደደ። እህቱ ሽታዬ ሐዋሳ ነርስ ናት፤ ፈቃድ ከልክለዋት ሠርጉ ቀረባት። "አባዬ ሲመርቁን ያለውን ቀድመህ ላክላት። እሱን ነው የምትጨቀጭቀኝ።" አያ አረጋ አሟቸው ዳስ አልወጡም ነበር። ሙሽሮቹ ቤት ገብተው ጉልበታቸውን ስመው ነው የተመረቁት። በቴሌግራም ላክሁላት።

ጥር 24
ሽታዬ ድምፅ ላከችልኝ። "ወንድሜ ምናለ፣ ተባረክ። በስልክ ሁሌም ደህና ነኝ ነው የሚሉኝ፤ አላምናቸውም ነበር። ፊታቸው ቀልቶ ሳይ ልቤ አረፈ። በቃ ለፋሲካ እመጣለሁ።" ደስ አለኝ። ሥራዬን የሚያመሰግን ስንት አለ?

የካቲት 9
አያ አረጋ አረፉ።

የካቲት 10
ከቀብር መልስ አንዷ ጎረቤት፣ "የወፍ በሽታ ነው የጨረሳቸው። ያኔ በሠርጉም ዓይናቸው እርድ መስሎ ነበር" ስትል ሰማሁ። ያኔ ካሜራ ይዤ ፊት ለፊታቸው የቆምኩት እኔ አይደለሁ?

ቤት ገብቼ ያልተነካውን ከፈትኩ። ቤት ውስጥ ምን ሸራ አለ? በመስኮት የገባ የቀን ብርሃን ነው። ጋቢያቸው ነጭ። ፊታቸው ግን ቢጫ፣ ዓይናቸው ቢጫ። የዳሱ ቢጫ የሸራው ነበር። የእሳቸው የራሳቸው። እኔ አብሬ አጠብኩት... ጋቢው እኮ ሰማያዊ ሆኖ ነግሮኝ ነበር፣ እዚህ የሚቀነስ የሸራ ቢጫ የለም ብሎ። አይቼ አለፍኩት።

የካቲት 12
ሽታዬ ደረሰች። ድምጿ ተዘግቷል። "ነርስ ሆኜ... አጉልቼ ዓይናቸውን አይቼ ነበር እኮ። ነጭ ነበር። እንዴት ሳላውቅ?" ሽማግሌዎቹ "ቀኑ ከደረሰ ማን ይመልሰዋል" ይሏታል። እኔ ወንበር እደረድራለሁ። ፈሪ።

የካቲት 14
ነገርኳት። ከድንኳኑ ጀርባ ሁለቱንም ቪዲዮ በስልኬ አሳየኋት። ደጋግማ አየች።

"እኔ ነኝ ያላየሁት እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ" አለች። "ይህን ባይ በማግስቱ እሳፈር ነበር። አባዬን በቁማቸው አገኛቸው ነበር።"

ስልኬን መለሰችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 11
ለአርባው ፎቶ ተጠየቅኩ። ከሁለቱም ቪዲዮ ቆርጬ አሳየሁ። እማማ ገለቴ ቀዩን መረጡ፤ "ባሌ እንዲህ ነበሩ" አሉ። ሽታዬ ከሐዋሳ ደወለች። "ለእኔ ያልነካኸውን ላክልኝ።"

መጋቢት 18
አርባው ወጣ። አሁን የአንድ ሆቴል ማስታወቂያ ይዣለሁ። እያንዳንዱን ክሊፕ ለብቻው ነው የማየው፤ ባለቤቱ ዘገየህ እያለ ይደውላል። ይደውል።

ፎቶው እማማ ገለቴ ቤት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጋቢው ሰማያዊ እንደሆነ ነው። "ላስተካክለው እማማ?" ብላቸው፣ "ተወው ልጄ፣ ከእንግዲህ አትንካቸው" አሉኝ።